እግሬን አትጠቡብኝ

ሚስማሩን የረገጥኩት ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ማለቴ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረበት ቦታ ላይ። ቤቶቹ ፈርሰው ሰዉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ በኋላ እዚያ ምን እንደሚወስደኝ ልጄ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? እግሬ ነው የሚወስደኝ። የእኔ እግር ከድሮም ቤት አይወድም። ከአፍንጮ በር ቁልቁል ወርጄ፣ ፒያሳ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት አይቼ፣ የማውቀውን ሰው ሰላም ብዬ፣ ከማላውቀው ጋር ስለ ዝናቡ አውርቼ፣ ሽቅብ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደሉን በልጅነቴ ከደብሩ አጸድ ቃረምኩ፣ ማንበቡን የፒያሳ ታፔላ አስተማረኝ። እሱም ቢሆን የእግሬ ውለታ ነው። ቁጭ ያለ ሰው ታፔላ አያነብም።

ያን ቀን የአንዲት የድሮ ወዳጄ ቤት የቱ ጋ እንደነበር እየፈለግኩ ነበር። እዚህ ጋ የውሃ ቦኖው ነበረ፣ እዚህ ጋ የድንጋይ ደረጃው፣ እያልኩ ስረግጥ አንድ የወደቀ ጣውላ ላይ ቆምኩ። ጣውላው ሚስማር ነበረበት። የላስቲክ ጫማዬን በስቶ ከትንሿ ጣቴ ሥር ገባ። ነቀልኩት፤ ደሙም ያን ያህል አልነበረም። በማግስቱ ልጄ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወስዳኝ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ተወጋሁ። በቃ፣ አለቀ አልን።

አላለቀም። ስኳር አለብኝ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግር ደግሞ ቂመኛ ነው፣ ነገር ይይዛል። ቁስሉ ከላይ ደረቀ፤ ከሥር ግን ሲጠዘጥዘኝ ያድራል። ትንሽ ቆይቶ ከደረቀበት ፈነዳና መግል ያወጣ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤቴ ቆርቆሮ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። ግድግዳ የምንጋራት፣ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን ጎረቤት አለችኝ። እሷ ዘንድ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ። ከግቢያችን ሰው ታሞ የዳነ እንደሆነ የተረፈውን መድኃኒት እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል። የተረፈ መድኃኒት ይዞ መቀመጥ በእኛ ግቢ ነውር ነው፤ የተረፈ ድግስ ቆልፎ እንደማስቀመጥ ይቆጠራል። የመድኃኒቶቹን ስም የሚያውቅ የለም፣ በቀለማቸው ነው የምንጠራቸው። ለጉሮሮና ለቁስል ቀይና ጥቁሩ፣ ለሆድ ቢጫው፣ ለሳል ትልቁ ነጭ። ጎረቤቴ ክዳኑን ከፍታ በሁለት ጣቷ ስትፈልግ ዶቃ የምትመርጥ ነው የምትመስለው።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ቀይና ጥቁሩ» አለችኝ። «የልጅ ልጄን ጉሮሮ አፍታም አላቆየው።»

«የእኔ እኮ እግር ነው።»

«መድኃኒት ሆድ ከገባ በኋላ መንገዱን ያውቃል።»

ይህን የመሰለ ንግግር የሚረታው ሰው ማን ነው? ዋጥኩ። ሲያልቅ ከማዶ ግቢ አስመጣችልኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንክብሉን ፈልቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ትነሰንስልኛለች፤ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ይደርሳል ብላ። እኔም ጠዋት ጠዋት ተሻለኝ እላለሁ። ማታ ላይ አልደግመውም።

ከዚያ ፋሻው አረንጓዴ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ የካልሲዬ ቀለም የለቀቀ መሰለን። ካልሲዬ ግን ግራጫ ነው። ሽታውም የለመድነው የመግል ሽታ አይደለም፤ ጣፈጥ ያለ፣ ተረስቶ የበሰበሰ ወይን ዓይነት፣ ከሥሩ ግን የሚያቅለሸልሽ ነገር ያለበት። ልጄ በዚህ ጊዜ ቆርቆሮውንም ጎረቤቴንም ወዲያ ብላ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ትሕትናው ግን የሽማግሌ። እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አገላበጠው፣ ከጣቴ በላይ ያለውን ቅላት በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ከደረቱ ኪስ እስክሪብቶ አውጥቶ የቅላቱን ዳር ተከትሎ እግሬ ላይ መስመር አሰመረ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

«እማማ፣ ቅላቱ ከዚህ መስመር ካለፈ ቀጠሮ አይጠብቁ። ያኔውኑ ይምጡ።»

«ካለፈ ምን ይሆናል?»

«ወደ አጥንቱ እየሰረገ ነው ማለት ነው።»

«አጥንት ከደረሰስ?»

እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። «እግሩን ለማትረፍ እንሞክራለን» አለኝ።

ለማትረፍ የሚሞከረው ሊጠፋ ያለ ነገር ነው። ያን ያህልማ አማርኛ አውቃለሁ። ልጄን ሳያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። እኔን ያለ እግር አስቡኝ እስቲ። በር ላይ ወንበር ተደርጎልኝ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው «እማማ፣ ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» ሲለኝ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ስውል።

ምን መድኃኒት ስወስድ እንደከረምኩ ጠየቀኝ። «ቀይና ጥቁር» አልኩት። ግንባሩን ያዘ። ከዛሬ ጀምሮ ያን ነገር እንዳልነካ፣ ለጊዜው ሌላም እንደማይሰጠኝ ነገረኝ።

«የትኛው ጀርም እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሳላውቅ ዝም ብዬ አልሰጥዎትም። መጀመሪያ ላብራቶሪ ናሙና ወስደው ያብቅሉት።»

«ጀርሙን?»

«አዎ።»

«ላጠፋው አይደለም እንዴ የመጣሁት?»

«ለማጥፋት ነው የሚበቅለው፣ እማማ። ካልቸር ይባላል።»

እሺ አልን። መስመሯን በዓይኔ እየጠበቅኩ ቀጠሮው ደረሰ።

አሁን ወደ ጥፋቱ መጣሁ። በእኛ ወግ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው ታጥቦ ነው የሚሄደው። እናቴ ሐኪም አየሁ ያለችው አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ቀን ገላዋን ታጥባ፣ ጥፍሯን ተቆርጣ፣ ነጭ ለብሳ ነው የሄደችው፤ ሠርግ የተጠራች ነበር የምትመስለው። ያደፈ ነገር ለሰው ዓይን ማቅረብ ለሰውየው ንቀት ነው። ስለዚህ በላብራቶሪው ቀን ጠዋት ልጄ ውሃ አሞቀች። እግሬን በሳሙና አሸች። አረንጓዴውን ነገር ማለቂያ በሌለው ትዕግሥት ለቅማ አወጣች። በመጨረሻ ከመደርደሪያው የበዓል አረቄ አወረደችና ቁስሉ ውስጥ አፈሰሰችው። ጮኽኩ። «በርቺ፣ በርቺ፣ አሁን ንጹሕ ሆነ» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ የሐኪሙ መስመርም አብራ ታጥባለች።

ላብራቶሪው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ፎቅ ውስጥ ነው። ደረጃውን እየተደገፍኩ ወጣሁ። ናሙና የምትወስደው ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ከልጄ ትንሽ የምታንስ ሴት ናት፤ ሳቂታ። ጥጥ በተጠቀለለበት ዘንግ ቁስሉን ነካክታ ዘንጉን ብልቃጥ ውስጥ ከተተች።

«አሁን ምን ታደርጊዋለሽ?» አልኳት። የማላውቀውን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልበትም።

«ሳህን ላይ አሰፍረዋለሁ። ምግባቸውን አቀርብላቸዋለሁ፣ ሙቀት ያለው ሳጥን ውስጥ ያድራሉ፣ ሲበቅሉ አያቸዋለሁ።»

«ምግባቸው ምንድን ነው?»

«እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ነው፤ የበግ ደም አለበት።»

«በዐቢይ ጾም?»

«እነሱ አይጾሙም፣ እማማ» ብላ ሳቀች። ልጄ ግን «እማዬ በቃሽ» በሚል ዓይን አየችኝ።

ውጤት ልንቀበል የተመለስን ቀን ያቺ ሴት አልሳቀችም። «ምንም አልበቀለም» አለች።

«እሰይ!» አልኩ። «ድኛለሁ ማለት ነዋ!»

«አልዳኑም። እግርዎን እያየሁት ነው። እንዲህ ካለ ቁስል ምንም አለመብቀሉ ነው የገረመኝ። ምን አድርገውበት ነበር?»

ልጄ ቀደመችኝ፤ በኩራት። «እኔ ነኝ ያጠብኳት። በሳሙና፣ ከዚያ በአረቄ። ንጽሕና እንኳ አላጓደልንም!»

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ ነገረችን፤ አረቄው ከላይ ያለውን ገድሎታል፣ ከሥር ያለው ግን እንዳለ ነው፣ ለእሷ ዘንግ የደረሰው ሬሳ ብቻ ነው። ድጋሚ መጀመር አለብን። እሷ ራሷ በንጹሕ ጨው ውሃ አጥባ ከጥልቁ ትወስዳለች።

«እኛ ስናጥብ ጥፋት፣ እናንተ ስታጥቡ ሕክምና?» አልኳት። ተናደድኩ። ማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላወቅኩም። ልጄ ላይ እንዳልናደድ፣ እናቴን ያጠብኩት እኔም እንደዚያው ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰን መስመሩን እንዲያሰምርልን ጠየቅነው። የቱ ጋ እንደነበረ ጠየቀን። ልጄ እዚህ ጋ ነው አለች፣ እኔ እዚያ ጋ ነው አልኩ። ቅላቱ ይለፍ አይለፍ የሚያውቅ ጠፋ። ባለበት ላይ አዲስ አሰመረና፣ «ይቺን እባካችሁ አትጠቡብኝ» አለ።

ሁለተኛው ቀጠሮ እስኪደርስ ልጄ ምን ያህል እንደተሠቃየች እኔ ነኝ የማውቀው። ቁስሉን ሳታየው ታልፋለች፣ ተመልሳ ታየዋለች፣ እጇን ታሻሻለች። ግን ቃሏን ጠበቀች፤ ፋሻውን እንደ ነገሩን ከመቀየር በቀር አልነካችውም። ያን ቀን ጠዋት ታክሲ ልታመጣ ወጣች። በዚህ መሐል ጎረቤቴ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ልትል ገባች።

ፋሻዬን አየች። ሽታውም ሸተታት መሰለኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ አፍራ መለሰችው።

«እንዲህ ሆነሽ ነው ሰው ፊት የምትቀርቢው?»

«አትንኩት ተብለናል።»

«እነሱ ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን ጎረቤትሽ ነኝ። ነገ ምን ይሉኛል? እዚያው አጠገቧ ሆና እንዲህ አድርጋ ላከቻት አይሉም?»

«ተይ እህቴ፣ ተይ።»

«ዝም በይ!»

ከትከሻዋ አዲሱን ነጠላዋን አወረደች። ገና ያልታጠበ፣ ጥለቱ የሚያበራ። በጥርሷ ይዛ ከዳሩ ቀደደችው። ነጠላ ሲቀደድ ድምፁን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ልብ ነው የሚቀደደው። አንዴ ነጠላዋን ለእኔ ከቀደደች በኋላ ምን አፍ አለኝ? በእጇ ጠረገችው፣ በቁራጩ አሸችው፣ ቀይና ጥቁሩን ፈልቅቃ ነሰነሰችበት፣ በቀረው ቁራጭ አሳምራ ጠቀለለችው። ልጄ ስትመለስ እግሬን በቀሚሴ ሸፈንኩ፤ አልነገርናትም። ጠቅላላው ነገር መሐረብ አጥቦ ከማስጣት የማይበልጥ ጊዜ ነው የፈጀው።

ላብራቶሪ ስንደርስ ያቺ ሴት ቁራጯን ነጠላ ስትፈታ አንዴ አየችኝ። ያላትን ጨው ውሃ አፈሰሰች፣ ናሙናውን ወሰደች።

ውጤቱ የመጣ ቀን «በቅሏል» አለች። ተስፋ አደረግን። «ግን ገበያ ነው» አለች። «የእጅ፣ የጨርቅ፣ የቆዳ፣ የሁሉም ዓይነት ጀርም ተደባልቆ በቅሏል። የትኛው ነው እግርዎን የሚበላው? ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሌባውን ልለየው አልቻልኩም።»

«ሁሉንም ግደያቸዋ!»

«እንዲህ አይደለም፣ እማማ።»

እንዲህ አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲህ አይደለም ይለኛል፤ እንዴት እንደሆነ የሚነግረኝ ደግሞ ከሆነ በኋላ ነው። ያን ቀን ደረጃውን ስወርድ አለቀስኩ። ሕመሙ አልነበረም ያስለቀሰኝ። ክፉ ሰው ቢያደርገው ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። እኔን ግን እግሬን እያሳጡኝ ያሉት የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው፤ አንዷ በአረቄ፣ አንዷ በአዲስ ነጠላ።

ቤት ደርሼ ፋሻውን ስፈታ ቅላቱ በአንድ በኩል መስመሩን አልፏል። ልክ እንደ ውሃ ነው ያለፈው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያስታውቅ። ሐኪሙ ዘንድ ያንኑ ቀን ሄድን። በራጅ ፊልም አጥንቱን አዩት። ትንሿ ጣቴ ላይ ጥርጣሬ እንዳለው ነገረኝ። የአሁኑ ናሙና የመጨረሻ ዕድላችን እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደማይችል፣ ካልተሳካ በግምት ማከም ሊጀምር እንደሆነ፣ በግምት ያመለጠው እንደሆነ ግን ነገሩ ከጣት እንደሚያልፍ አስረዳኝ። ቁርጭምጭሚቴን በእጁ ሲነካው ወዴት እንደሚያልፍ ገባኝ።

ሦስተኛውን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ ቅዳሴ ስትሄድ ተነሳሁ። አሮጌው ፋሻ እንዳለ፣ ከነአረንጓዴው፣ ከነሽታው። ፊቴን እንኳ ስታጠብ እጄ ወደ እግሬ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። ጎረቤቴ በር ላይ ስደርስ ሹልክ ብዬ አለፍኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከወዳጄ ተደብቄ።

ከአፍንጮ በር ሚኒባስ ያዝኩ። ብዙም ሳንሄድ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት መስኮቱን ከፈተች። ሌላኛዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ረዳቱ፣ ጢሙ የሸበተ የአራዳ ሰው፣ አየሩን በአፍንጫው ሳበና፣

«ጎበዝ፣ ጾም መሆኑን እናውቃለን፤ ዓሣውን ግን ቢያንስ በላስቲክ ጠቅልሉት!» አለ።

ሰዉ ሳቀ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሙሉ ዕድሜዬን አንድ ቀን እንኳ ነጠላዬ ሳይነጣ ከቤት ወጥቼ የማላውቅ ሰው። መውረድ ፈለግኩ። ግን ብወርድ በዚያ እግር ሽቅብም ቁልቁልም አልሄድም።

«ዓሣ አይደለም ወንድሜ» አልኩት። «እግሬ ነው። ሐኪም ቤት አትጠቡት ብለውኝ ነው።»

መስኮቱን የከፈተችው ሴት መልሳ ዘጋችው። ስወርድ ረዳቱ እጄን ይዞ፣ «እኔን ድፍት ያርገኝ፣ እማማ» አለኝ፤ መኪናውም እኔ መንገድ እስክሻገር ቆሞ ጠበቀ፤ ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ሲነፉ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰደባቸው።

የላብራቶሪዋ ሴት ፋሻውን ስትፈታ፣ እውነቴን ነው፣ ፊቷ በራ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። በሕይወቴ ቆሻሻዬ ያስደሰተው ሰው እሷን ብቻ አየሁ። አጠበች፣ የሞተውን ሥጋ ገፈፈች፣ ዘንጉን ወደ ጥልቁ ሰደደች። ጥርሴን ነከስኩ።

ሳህኖቹ ሲደርሱ ጠርታ አሳየችኝ፤ ከመስተዋቱ ወዲያ እንድቆም፣ እንዳልነካ አስጠንቅቃ። አንደኛው ሳህን ላይ አንድ ዓይነት ብቻ በቅሏል። አረንጓዴ ነው፤ በመስከረም ሜዳ ላይ እንጂ በሰው እግር ላይ የማይጠበቅ አረንጓዴ። ስሙን ነገረችኝ፤ ረጅም ስም ነው፣ እንደ ፈረንጅ ሱቅ ታፔላ፣ አልያዝኩትም። እርጥብ ቦታና የላስቲክ ጫማ የሚወድ ነው አለችኝ። ሚስማሩ ጫማዬን ሲበሳ ይዞት ገብቶ ይሆናል።

ሁለተኛውን ሳህን ስታመጣ ግን ቀልዱን ተውኩት። ሙሉ ሳህኑ ያንኑ ጀርም ለብሷል። በላዩ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያሉ ትናንሽ ነጭ ወረቀቶች ተቀምጠዋል።

«እያንዳንዱ ወረቀት አንድ መድኃኒት ጠጥቷል» አለችኝ። «መድኃኒቱ ከገደለው በዙሪያው ክብ ባዶ ቦታ ይሠራል። ካልገደለው…»

መጨረስ አላስፈለጋትም። እዚህ ጋ አንድ፣ እዚያ ጋ አንድ ወረቀት ዙሪያውን እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ አድርጎታል። ሌሎቹን ጀርሙ እስከ ከንፈራቸው መጥቶባቸዋል። አንደኛውንማ ዳሩ ላይ ተኝቶበታል፤ ሊሞትበት ቀርቶ ተደግፎት ነው ያረፈው።

«ይሄ የማነው?»

«እርስዎ ቀይና ጥቁር የሚሉት ነው።»

ብዙ ጊዜ አየሁት። ለካ ይህን ያህል ጊዜ የዋጥኩት ለእሱ ትራስ ነው!

«ጥቅም አልነበረውም ማለት ነው?»

«ጉዳትም ነበረው። ከእሱ ጋር ይሻሙ የነበሩትን ደካሞቹን ገደለለት። ሜዳው ለእሱ ብቻ ቀረ። ሌሎቹን መድኃኒቶችም ተላምዷቸዋል፤ ከእርስዎ ሳይሆን ከሌላ ሰው ለምዶ መጥቶም ይሆናል።»

ከማን እንደለመደ የት ልጠይቀው? እያንዳንዱ ግቢ ቆርቆሮ አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አውድማ ከሠሩት ሁለቱ አንዱ መርፌ ነበረ፤ ልጄ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ዞራ አገኘችው። በየቀኑ ተወጋሁ። ቅላቱ ከመስመሩ ወዲህ ተመለሰ፣ ከዚያም ጠፋ፤ መስመሯ ብቻዋን ቀረች፣ እኔም እስክትደበዝዝ አላጠብኳትም። እግሬ ተረፈ። ትንሿ ጣቴ ግን አልተረፈችም፤ አጥንቷን በልቶት ነበርና ቆረጧት። ሐኪሙ ስፌቱን እያየ፣ «ትንሽ ቀደም ብለን ብናውቀው ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ግን ጨረስኩለት፤ እስከ ዛሬም እጨርሰዋለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሁሉ «ተመስገን፣ እግርሽ ተረፈልሽ» ይለኛል። ተመስገን እላለሁ። ስለ ጣቷ ነፍስ ይማር ያለኝ ግን የለም፤ ሰባ ምናምን ዓመት አብራኝ የዞረች ጣት እኮ ናት።

አሁን ትንሽ እያነከስኩም ቢሆን ፒያሳ እወርዳለሁ። በቀደም ከዞርኩበት ስመለስ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ክንዷን ከጎኗ አርቃ ይዛዋለች።

«ብብቴ ሥር እባጭ ወጥቶብኛል» አለችኝ። «ካንቺ መርፌ የተረፈ የለም?»

«አንድም አላስተረፍኩም።»

«እንዴት ነው ምንም የማይተርፈው?» አለች፤ ዓይኗ ላይ ቅሬታ አየሁ። ነጠላዋን የቀደደችልኝ ሴት ናት። ንፉግ ሆነች ብላ ነው የምታስበኝ።

«አስጨርሰውኝ ነው። ቢተርፍም አልሰጥሽም፤ በቀይና ጥቁሩ ያየሁት ይበቃኛል። ነይ፣ ላብራቶሪ ልውሰድሽ። ያቺ ልጅ ዘንድ።»

ብዙ ተከራከርን። ቆርቆሮው እያለ ምን ያስኬደናል አለች። ሳህኑን፣ ወረቀቶቹን፣ በትራሱ ላይ የተኛውን ጀርም ነገርኳት። ጣቴን፣ ማለት የጣቴን ቦታ፣ አሳየኋት። በመጨረሻ እሺ አለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኳት። «እንዳትጠቢው። ሳሙና የለ፣ አረቄ የለ፣ ዱቄት የለ። በልጆችሽ ማዪልኝ።»

«በልጆቼ!» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ጠዋት በሯን አንኳኳሁ። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ የቀደደችውን ነጠላ ዳሩን ዘምዝማ ተከናንባ ወጣች። ፀጉሯ ገና አልደረቀም። ገና ሳልጠጋት የሳሙናው ሽታ ደረሰኝ፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ፣ የማውቀው፣ የበዓል ሽታ።

«ገላዬን ብቻ ነው የታጠብኩት» አለች ሳልጠይቃት።

ቆሜ አየኋት። ከዚያ ክንዷን፣ ደህናውን ክንዷን፣ ያዝኩና ቁልቁል ጀመርን። ያቺ ልጅ ዓይኗን ስትጨፍን ከወዲሁ ታየኝ። ቢሆንም ዛሬ ናሙናው ይወሰድ፤ ሲያጥቡት ምን እንደሚበቅል፣ ማለት ምንም እንደማይበቅል፣ ሳህኑ ሲደርስ ጎረቤቴ በገዛ ዓይኗ ትየው። በሌላ ቀን ደግሞ ሳትታጠብ አመጣታለሁ። እግሩማ አለኝ።